ንፋስ የምትፈራው እናቴ

በደርግ ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ እናቴን የሚያስፈራት ነገር አልነበረም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስታ ሊቀ መንበሩን የምትሞግት ሴት ናት። ንፋስ ግን ትፈራለች። እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳ እኛ ቤት ስትታረስ መስኮቱ ሁሉ ተከረቸመ።

አባቴ አጥሚቱ ያለ ጭስ ይድረስ ብሎ ቡታጋዝ ገዛ። ወጥ ቤታችን ካራሷ ክፍል ጋር በበር ይገናኛል። ሊገጥም የመጣው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ አበጀ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከወለሉ አጠገብ። እናቴ በላይኛው አልተከራከረችም፤ ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል። የታችኛውን ስታይ ግን ያራስ እግር ሥር ንፋስ መልቀቅ ምን የሚሉት ሙያ ነው ብላ ተቆጣች። ሰውዬው ይህ ጋዝ ከአየር እንደሚከብድ፣ ካፈተለከ ወለሉ ላይ እንደሚተኛ፣ ከሸተታት ክብሪት እንዳትጭር በትህትና አስረዳት። እሺ አለችው። ገና ከግቢ ሳይወጣ ቀዳዳውን በአሮጌ ነጠላ ጠቀጠቀችው። ባራስ ቤት እሷን ማን ይናገራታል?

አንድ ጠዋት አጥሚት ልታሞቅ ክብሪት ይዛ ስትገባ ከኋላዋ ነበርኩ። ሽታው አፍንጫችንን መታው። የሲሊንደሩ ጎማ ላልቶ ኖሯል። ክብሪቱን ወደ ግቢ ወረወረችው፤ ሲሊንደሩን ዘጋች፤ ነጠላውን ከቀዳዳው መዘዘች። ከዚያ ያራሷን በርና መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችና የሐይቁ ንፋስ ገባ። እህቴንና ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጀርባዋን ለንፋሱ ሰጥታ፣ ሽታው እስኪጠፋ አቅፋቸው ቆመች። እንደዚያን ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ የልጁን ግንባር ትዳብስ ጀመር። ልጁ እንኳን ሊታመም አላስነጠሰም።

በክርስትናው ዕለት እሱን አቅፋ ጓዳ ስታለቅስ አገኘኋት። ከእኛ በፊት አንድ ወንድም እንደነበረን፣ እሷ ገና አራስ ሳለች እንደሞተ እናውቃለን። ያን ጊዜ ሙቀት አፍኗት መስኮት ከፍታ እንደነበር ግን የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«ታዲያ ልጄን የገደልኩት እኔ አይደለሁማ» አለችኝ።