የመዝገብ ቤቱ ሰርቨር

ንፋስ መውጫ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ያልኩት የደመወዝ መዝገቡ ስለሚል ነው። ሰርቨራችን የሚኖረው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ በግቢው የማያፈስ ጣሪያና የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል እሱ ብቻ ነውና። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ መሪጌታ ናቸው። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ በዓላትና አጽዋማትን ከካላንደር አታሚዎች ቀድመው በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሰው። ማሽኑን «እንግዳው» ይሉታል፤ ሌት ተቀን ስለሚያጉረመርም ብዙም አይወዱትም።

ባለፈው ጥቅምት፣ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ጧት፣ የኮሌጁን ድረ ገጽ የከፈተ ሁሉ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣበት። የደኅንነት ሰርተፊኬታችን ጊዜው አልፏል። ሰርተፊኬት ማለት ገጹ እውነተኛው የእኛ ገጽ መሆኑን ለሰው ስልክ የሚመሰክር ወረቀት ነው በሉት። በየሦስት ወሩ ሰርቨሩ ራሱ ያድሰዋል። ማደስ ነበረበት ማለቴ ነው።

ከሁሉም ያስጨነቀችኝ ከስማዳ የመጣች ነርስ ናት። አምና በወሊድ ምክንያት ምዝገባው አምልጧታል፤ ዘንድሮም ካመለጣት ጤና ጣቢያው የሰጣት የትምህርት ፈቃድ ይሰረዛል። በወረቀት መመዝገብ ደግሞ ቀርቷል።

«ግድ የለሽም፣ ቀዩን አልፈሽ ግቢና የይለፍ ቃልሽን ጻፊ» አልኳት።

«አንተው አይደለህ እንዴ በሥልጠናው ‹ቀይ ካያችሁ በፍጹም እንዳትገቡ› ያልኸን? አልገባም!»

ካሠለጠንኳቸው የጤና ባለሙያዎች ሁሉ ምክሬን የሰማች እሷ ብቻ ናት። እሷም ቀን መርጣ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ። በእኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም። ከዚያ ሰርተፊኬቱን በእጄ ላድስ ሞከርኩ፤ ሰርቨሩ «ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል» አለኝ። አስገድጄ ወደ ሰርተፊኬት ሰጪው ድርጅት ብልከው ደግሞ «የድርጅቱ የራሱ ሰርተፊኬት የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም» ብሎ አልገናኝም አለ። አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙን ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። ምሳ ሳልበላ አሥር ሰዓት ሆነ። ምዝገባው የሚዘጋው አሥራ አንድ ላይ ነው፤ ነርሷ ደጁ ላይ ቆማ በየደቂቃው ስልኳን ታያለች።

«ምን ይላል እንግዳው?» አሉ መሪጌታ። ተረጎምኩላቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት። «የእኛውን ወረቀት ገና ነው፣ የሰጪውንም ወረቀት ገና ነው የሚል ከሆነ፣ የተሳሳቱት ወረቀቶቹ አይደሉም። እስቲ ዛሬን ስንት ብሎ ነው የሚቆጥር?»

የማሽኑን ቀን ከፈትኩ፤ ዓመቱን ሳይ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ገባኝ። ነሐሴ ላይ መብራት ብዙ ቀን ጠፍቶ ሰዓቱ ተቃውሶ ነበር። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ለወረዳው ደብዳቤ ስጽፍ በዋልኩበት እጅ ዓመተ ምሕረቱን በእኛው አቆጣጠር ሞልቼለት ኖሯል። ሰርቨሩም ከተቀረው ዓለም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ በሰላም ይኖር ነበር፤ ለማደስ ምን ያስቸኩለዋል?

«ስምንት ዓመት!» አሉ መሪጌታ። «የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ለዚህ ስሕተት ስንት አለንጋ እንደሚታዘዝ ብነግርህ ሥራህን ትለቅ ነበር።»

ቀኑን አስተካከልኩ። እድሳቱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቀዩ ጠፋ፤ ነርሷም አሥራ አንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተመዘገበች።

ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቱ ገብታ እጅ ነሣችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ለእኔ ስትል እህል ሳትቀምስ ዋልህ። እግዜር ድካምህን ይቁጠርልህ፤ በልጆችህ ይክፈልህ!»

አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ያስጨነቅኋት እኔ ነኝ፣ ኔትወርኩ ምንም አላደረገም ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አሜን» ነው። ምርቃት ሰምተው ዝም የማይሉት መሪጌታ አሜን አላሉም።