ሁሉም የሚዋሰው ክሬን

መቅደስ የደብረ ሲና ልጅ ናት። ሸዋ ሮቢት ለሚሠራው አዲስ የመንግሥት ሕንፃ መሐንዲስ ሆና ስትመደብ ሁሉም በሙቀቱ አስፈራራት። ሙቀቱንስ ለመደችው፤ ያልለመደችው የክሬኑን ጣጣ ነው።

የሕንፃው ፊት የሚሸፈነው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ፣ መስኮቱ ሳይቀር ወጥቶለት በተሳቢ በሚመጣ የኮንክሪት ግድግዳ ነው። ያለ ክሬን ንቅንቅ አይልም። በአካባቢው ያለው ክሬን ደግሞ ይኸው የእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ ከደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪና በተገለበጠ ቁጥር ትራፊክ ፖሊሶች የሚደውሉት ለእሷ ነው።

የዚያን ቀን የፊት ለፊቱ የመጨረሻ ግድግዳ ሊሰቀል ሰንሰለቱ እንደተያያዘ ስልኳ ጮኸ፤ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

«ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ፣ እባክሽ...»

«እኔ ሕንፃ ነው የምሠራው! ነገ ኃላፊዎች ሊጎበኙኝ ይመጣሉ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ዘወር ስትል የክሬኑ ሾፌር ጋሼ ዓለሙ ሰንሰለቱን እየፈቱ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ለኔም ደውለዋል። የሚነዳው ልጅ ጋቢና ውስጥ እንደተጣበቀ ነው አሉ።»

መቅደስ የራስ ቁሯን አውልቃ መሬት ላይ ወረወረችው። ከዚያ አንስታ አደረገችውና ክሬኑ ላይ ወጣች። «ብቻዎን ከሄዱ ሽንኩርቱንም ልቀሙ ይሉዎታል!»

የአይሱዙው ሾፌር ኡበይድ የሚባል የካራቆሬ ልጅ ነው። ጋሼ ዓለሙ ጋቢናውን ቀስ እያሉ ሲያነሱ መቅደስ እጁን ይዛው ነበር።

«እህቴ፣ ሽንኩርቱ ፈሰሰ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ እግርህ አስብ!»

አወጡት። አምቡላንሱ እንደሄደ ትራፊኩ ደግሞ መኪናውንም ከመንገዱ አንሱልን አለ። ሲመለሱ መሽቷል።

በማግሥቱ አንድ ኃላፊ ክፍተቱን እያዩ «ይሄ ምነው እንደ ወለቀ ጥርስ ሆነ?» አሏት።

«ክሬኑን ትራፊኮች ወስደውብኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሰጠሽ?»

መቅደስ ወደ ጋሼ ዓለሙ ዞራ ሰንሰለቱን እንዲያያይዙ በእጇ ምልክት ሰጠች። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተሰቀለ፤ ልክክ አለ። ያን ጊዜም ንዴቷ አልበረደላትም ነበርና በባጃጅ ሆስፒታል ሄደች። ኡበይድ እግሩ በጀሶ ታስሮ ተኝቷል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልተቆረጠም» አላት። «ፍሬን እምቢ ብሎኝ እኮ ነው።»

«ሳታሠራው ዳግመኛ እንዳትወጣ!» ብላ ጮኸችበት። «የሕንፃው የጀርባ ግድግዳ ገና አልተሰቀለልኝም!»