ሳይታሽ የተቀመሰ ዱቄት

እናቴ በርበሬ በረንዳ ውስጥ በርበሬ ትሸጥ ነበር። ዱቄቱን በሁለት ጣቶቿ አሸት ካደረገችው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት መሆኑን ትለያለች። የባቡሩ መንገድ ሲቆፈር፣ መርካቶ በአቧራ በታፈነችበት ዓመት፣ እነዚያ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት መጨበጥ ስለሚያቅታት ሻሿን የማስርላት እኔ ነበርኩ።

"ሪህ ነው፤ ሥጋ ተዪ" ይሏታል ደንበኞቿ።

"ከዒድ እስከ ዒድ የምበላውን?" ብላ ትስቅባቸዋለች።

አጠገቧ በርበሬ የሚነግዱትን ሴት እትዬ እላቸዋለሁ። እናቴ ለሶላት ስትሄድ መደቧን የሚጠብቁላት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው አማኑኤል ሊሳለሙ ሲሄዱ ደግሞ እሷ። አንድ ቀን በላስቲክ የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት አመጡላት።

"ከገጠር የመጣ ሥር ነው። በማር ላሺው።"

እናቴ አላሸችውም፤ አላሸተተችውም። ላሰችው።

ሳምንት ሳይሞላ ጣቶቿ ተፍታቱ። ከወራት በኋላ ፊቷ ሞልቶ ክብ ሆነ። "ተመቸሽ አይደል! የተማረች ልጅ ወልደሽ!" ይላታል የበረንዳው ሰው። እኔም በውስጤ ኮራሁ። በኋላ ግን ክንዷ ትንሽ ነገር ነካ ባደረገው ቁጥር ይበልዝ፣ ከተቀመጠችበት መነሳትም ያቅታት ጀመር።

ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ ሐኪሙ ፊቷን ገና እንዳየ ምን እንደምትወስድ ጠየቃት፤ የዱቄቱን ነገር ነገረችው።

"ሪህ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ፣ በተለይ የእግር አውራ ጣት ላይ፣ በድንገት ነው የሚነሳው" አላት። "በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። የእርስዎ ሁለቱንም እጅ የያዘ ነው፤ የሚብሰውም ጠዋት ነው። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው።"

ዱቄቱ ውስጥ እብጠት የሚያስታግስ የተፈጨ ኪኒን ሳይኖር እንደማይቀር፣ ፊቷን የሞላውም ክንዷን የሚያበልዘውም እሱ እንደሆነ ነገረን። በድንገት ማቆሙም አደጋ ስላለው በእሱ ክትትል ቀስ በቀስ እንድትተወው አዘዘ።

እትዬን ጉልበታቸውን ቅባት ሲያሹ አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ እርስዎ ዱቄቱን ለምን አይወስዱም?"

"እኔማ ስኳር አለብኝ" አሉ ቀና ሳይሉ፣ "ኪኒኑ ያንርብኛል።"

"የትኛው ኪኒን?"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ። ያ እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አጉርሶኛል።

"እናትሽ እኮ ስታለቅስ ማየት አቃተኝ" አሉ በመጨረሻ። "ኪኒን ነው ብላት ትወስደው ነበር?"

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

አዲሱ መድኃኒት ገና ሳይሠራላት ጣቶቿ ተመልሰው አበጡ። እንደዚያም ሆና ወደ መደቧ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

"አማኑኤል ደርሼ ልምጣ፤ መደቤን እይልኝ።"

እናቴ በዝግታ ተነስታ የእሳቸውን የበርበሬ ከረጢት ከፈተች። በእነዚያ ባበጡ ጣቶቿ ከዱቄቱ ቆንጥራ፣ እፊታቸው አሸችው፤ አሸተተችው። ጎን ለጎን በነገዱበት ዘመን ሁሉ አድርጋው አታውቅም።

"በርበሬሽስ ንጹሕ ነው" አለቻቸው።