ቡፌው ውስጥ የነበረው ድምፅ

ልጃችን ካገባች አምስት ወር ሆኗት ነበር። እናቴ ግን አሁንም አኩርፋታለች።

ልጄን ያሳደገቻት እናቴ ናት። እኔ በወጣትነቴ ራቅ ያለ ገጠር ተመድቤ አስተምር ስለነበር፣ ልጅቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው ፎንቆ፣ አያቷ ጋ ኖረች። የሠርጉ ዕለት እናቴ ታማ አልመጣችም። ዳሱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ዘመዳችን ወደ ፎንቆ ስትመለስ፣ «ሙሽራዋ ሰውን ሁሉ ስታመሰግን አንቺን አላነሣችም» አለቻት።

አንሥታታለች። እኔ ከሙሽሮቹ አጠገብ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ይህን ስነግራት እናቴ «አንቺማ እናቷ ነሽ» አለችኝ። ልጄ ራሷ ስትደውልላት ደግሞ፣ «አሁን ለብቻዬ ቢነገረኝ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው በሰው ፊት የተባለውን ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በሰው ፊት የተባለው የሠርጉ ቪዲዮ ሲዲ ላይ አለ፤ ግን አይሰማም። ቪዲዮ ቀራጩ ንግግሩ ላይ መዝሙር ደርቦበታል። በአሮጌው ቴሌቪዥናችን ስንከፍተው የልጄ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የምንሰማው ኪቦርዱን ነው። የእናቴ ጆሮም ደክሟል።

ባለቤቴ ሆም ቴአትር ያስመጣው ለዚህ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ሦስተኛ ፎቅ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የራሳችን ቤት ነበር። ዕቃ ግን ገና አልሞላውም። ግድግዳው ባዶ ስለነበር ስናወራ ድምፃችን ተመልሶ ይመጣብን ነበር። ካርቶኑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣና ባለቤቴ ከመናኸሪያ ሊያመጣው ሄደ። የተሸከመለት ሰውዬ ደረጃው ላይ እያለከለከ፣ «ቲቸር፣ ሲኒማ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ሲለው ሰማሁ። «አዎ፤ አንተን በነፃ አስገባሃለሁ» አለው ባለቤቴ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ውስጡ አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና አንድ ትልቅ ቤዝ ነበሩ። ባለቤቴ አራቱን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንደተሰቀሉት፣ በአራቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው አስጠግቶ ሰቀላቸው። ቤዙን የወለሉ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠው። አምስተኛው ረዘም ብሎ የሚጋደም ነው፤ ለእሱ ማዕዘን አልተረፈውም። እኔ ቦታ አገኘሁለት። ገመዱን በቡፌው ጀርባ አሳልፌ፣ ከነፕላስቲኩ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጎን አስተኛሁት። ለእሱ ብዬ የሠራሁትን ዳንቴል አለበስኩትና መስተዋቱን ዘጋሁ። አቤት ማማሩ! እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር።

እናቴ ለሐኪም ቀጠሮ ሐሙስ መጣች። ሰኞ ትመለሳለች። «አንድ ጊዜ አየዋለሁ» አለች በሐዲይኛ። «ካልሰማሁ ግን ሁለተኛ ይህን ወሬ እንዳታነሡብኝ።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ሪሞቱን ያዘና ከፈተ። መዝሙሩ ሲጀምር ብድግ አልኩ። ኳየሩ ሳሎናችን ውስጥ የገባ መሰለኝ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «ሰማሽ ይሄን? ሰማሽ?» ይላል ባለቤቴ። እናቴ ደረቷን ይዛለች፤ «ልቤን መታው» አለች፤ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

ከዚያ ልጄ ማይኩን ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ባለቤቴ ድምፁን ጨመረ። ዱምታው ጨመረ። መልሶ ጨመረ። የእናቴ ፈገግታ ጠፋ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በር ተንኳኳ። ከእኛ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት። ሆስፒታል ነርስ ስለሆነች ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት።

«ቲቸር፣ ኮንፈረንስ አለ እንዴ? ጣሪያዬ ሊወርድብኝ ነው!»

«ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ግቢ» አልኳት።

«መዝሙሩስ ደስ ይላል። እኛ ካቶሊኮች ግን ለስለስ ሲል ነው የምንወደው፤ ጌታ ጆሮው ደህና ነው ብለን።»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እናቴን በዓይኔ አሳየኋትና ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። ሲስተር ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ ታጠቀች።

«ንግግሩ ከየትኛው ነው የሚወጣው?»

«ከአምስቱም ነዋ» አለ ባለቤቴ።

«ከሁሉም የሚወጣ ከሆነ አምስት ምን ያደርጋል? አንድ ይበቃ አልነበር?» ወንበር ጎትታ ወጣችበት። «እንደገና ክፈቱት። ዝቅ አድርጋችሁ። ማንም እንዳያወራ።»

ጆሮዋን የመጀመሪያው ስፒከር ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፈነች። የታመመ ሰው ደረት የምታዳምጥ ነበር የምትመስለው። «ይሄ መዝሙር ነው» አለች። ወርዳ ወንበሩን ወደ ሌላው ጎተተች። «ይሄም መዝሙር።» ሦስተኛው ላይ ቆየች። «ይሄ ጭብጨባ። እልልታም አለ።» አራተኛውም እንደዚያው። ወርዳ ወገቧን ያዘች።

«ቅድም አምስት ናቸው ብላችሁኛል። አምስተኛውስ?»

በጣቴ ቡፌውን አሳየኋት። መጀመሪያ ዳንቴሉን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«እትዬ፣ ይሄ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

መስተዋቱን ከፈተች፤ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገች፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ጣቷን ወደ ላይ አነሣች።

«እዚህ ናት! ልጅቷ እዚህ ናት! ኧረ እያወራች ነው!»

ሮጬ ሄድኩ። ጆሮዬን ስለጥፍ የልጄ ድምፅ ነው፤ ከፕላስቲክ ውስጥ፣ ታፍኖ። ቃሏን ሳይሆን ትንፋሿን ሰማሁ። በገዛ እጄ ቆልፌባታለሁ። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ አልኩና ሳቄ መጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የሠርግ ዋዜማ መሰለ። ፕላስቲኩን ስቀድ ባለቤቴ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል፤ አልሰማሁትም። ስፒከሩን ከቡፌው አውጥተን ከቴሌቪዥኑ በታች በርጩማ ላይ፣ በእናቴ ጆሮ ልክ አስቀመጥነው። ሲስተር ቤዙን አንሥታ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አኖረችውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰችው። «ጣሪያዬ አመስግኑልኝ ብሏል» አለች። ባዶው ግድግዳ ድምፅ እንዳይመልስ ሁለት ጋቢና የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ሰቀልንበት። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ የእንግሊዝኛውን መመሪያ እንደ ትምህርት አነበበልንና ሪሞቱ ላይ ንግግር የሚወጣበትን የዚህን የመካከለኛውን ስፒከር ድምፅ ብቻ የሚጨምረውን ቁልፍ አገኘ።

ልንከፍት ስንል መብራት ሄደ።

 እናቴ «እግዚአብሔርም አልፈለገም ይሆናል» አለች።

ሲስተር ሐዲይኛዋን አሳምራ፣ «እማማ፣ ይሄ የእግዚአብሔር ሥራ አይደለም፤ የትራንስፎርመሩ ነው» አለቻት።

ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ቆሜ ጸለይኩ። ለመብራት ብዬ ጸልዬ አላውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ። ምስጋና ይግባው።

ባለቤቴ ከፈተ። መዝሙሩ አሁንም አለ፤ ግን ወደ ማዕዘኖቹ ሄዷል። መሐል ላይ፣ ከእናቴ ፊት ለፊት፣ ልጄ በሐዲይኛ ተናገረች፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ይሰማ ነበር።

«ፎንቆ ያለችው አያቴ ዛሬ እዚህ የለችም። ማንበብ ሳታውቅ ደብተሬን ይዛ ያስጠናችኝ እሷ ናት። ስሳሳት እንኳ ‹ጎበዝ› ትለኝ ነበር። እዚህ የደረስኩት በእሷ ነው። ስሟን ሁላችሁም ስሙልኝ።» ስሟንም ጠራች፤ ከነአባቷ ስም።

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ሲስተር አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ባለቤቴ ሪሞቱን ወደ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«መልሰው» አለች እናቴ።

መለሰው። አሁንም መልሰው አለች። በሦስተኛው ጊዜ ስሟ ሊጠራ ሲል ጎንበስ ብላ ወደ ስፒከሩ ተጠጋች፤ ሲጠራም «አቤት» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ተማሪ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ፊቷ ግን በርቷል። «ደብተሩን ዘቅዝቄ ነበር የምይዘው» አለች። «አልነገረቻቸውም። ጨዋ ልጅ ናት።»

«ያቺን ዘመዳችንን ላስጠራት?» አልኳት።

«ምን ታደርግልኛለች? ልጅቷን ጥሪልኝ።»

ደወልኩ። ልጄ ገና «ሃሎ» ስትል እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እኔ ነኝ! ሰማሁሽ! ሦስት ጊዜ ሰማሁሽ!» አለች፤ ሲስተር ቤቷ ብትሆንም ትሰማት ነበር። ከወዲያ በኩል ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ጥቂት አዳመጠችና ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ወደ ባለቤቴ ዘረጋችለት።

«አንተ ልጄ፣ ይሄንንም ከዚያ ዕቃ ጋር አገናኝልኝ። ስታለቅስ ቃሏ አይለይም።»