ከካርቱም ፒያሳ ከነዓሣ ማስተንፈሻው

ከካርቱም የወጣን ማታ አባቴ ጓሮ ውስጥ ዓሣ ይቀብር ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ አኳሪየሙ ውስጥ አየር የሚነፋው ማሽን ቆሟል፤ ዓሦቹም አፋቸውን ወደ ላይ እያደረጉ አንድ በአንድ አለቁ። የመጨረሻዋ የሞተችው ጎረቤቶቻችን "ሚኒባስ ተገኝቷል፣ ቶሎ ውጡ" ባሉን ቀን ነው። እኔ ሻንጣ እየዘጋሁ፣ ከወንዙ ማዶ ተኩስ እየተሰማ፣ እሱ ኒም ዛፉ ሥር ቁጢጥ ብሎ በሻይ ማንኪያ ጉድጓድ ይምሳል።

"አባዬ፣ መኪናው ሊሄድ ነው" አልኩት።

"ጨርሻለሁ" አለና እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሣ።

ካይሮ፣ ካምፓላና ፖርት ሱዳን የተበተናችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ "እናንተስ እንዴት ሆናችሁ?" እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ይኸው በአንዴ ልንገራችሁ። ደህና ነን። ይበርደናል እንጂ ደህና ነን።

መንገዱን አላወራላችሁም፤ ሁላችሁም መንገድ አላችሁ። መተማ ላይ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። አንድ ፈታሽ የአባቴን ቦርሳ ከፈተው። ሁለት ሸሚዝ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አንዲት ትንሽ መረብና ያ አየር የሚነፋ ማሽን።

"ይሄ ምንድን ነው፣ አባት?"

"የዓሣ ማስተንፈሻ።"

"ዓሣ ይተነፍሳል እንዴ?"

"እንዳንተው።"

"ዓሣውስ የታለ?"

"ሞተ።"

ሰውየው ማሽኑን አገላብጦ አየው። ሊስቅ ፈልጎ ተወው መሰለኝ። ቦርሳውን ራሱ ዘጋለትና "ይለፉ፣ ነፍስ ይማር" አለው።

አባቴ ኃይሉ የፒያሳ ልጅ ነው። ወጣት ሆኖ ነው ወደ ሱዳን የወጣው፤ እኔ እዚያው ካርቱም ተወለድኩ። አማርኛዬን ከእሱ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ይዞት የወጣው አማርኛ ነው ያለኝ። መጀመሪያ ታክሲ የተሳፈርኩ ቀን ረዳቱን "እባክህን ወንድሜ፣ አውቶሞቢሉን አቁምልኝ" አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ እጁን እንደ አሽከር ዘርግቶ "እህቴ፣ ከየትኛው ዘመን ነው የተሳፈርሽው?" አለኝ። ለካ እዚህ "ወራጅ አለ" ነው የሚባለው፤ በቃ።

የምንከራየውን ክፍል ያገኘነው ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ነው። ሲቀበሉን የጠየቁን እንዲህ ነው።

"ልብስ ታጥባላችሁ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ብዙ?"

"የለበስነውን ያህል።"

አሰቡበት። "እሺ፣ ውሃ በመጣ ቀን ብቻ" አሉ። ውሃ መቼ እንደሚመጣ ስጠይቃቸው ግን ወደ ሰማይ አዩ።

ወረዳ ሄጄ መታወቂያ ልጠይቅ ስል ደግሞ ጸሐፊው በጣም ትሑት ሰው ነበር። "ከነበርሽበት ወረዳ መሸኛ ያስፈልጋል" አለኝ። ካርቱም ነው የነበርኩት፣ ጦርነት ነው፣ ቢሮውም ተቃጥሏል ብዬ አስረዳሁት። ራሱን በሐዘን ነቀነቀና "ይገባኛል። ቢሮው ሲቃጠል ማኅተሙን ያተረፈ ሰው የለም?" አለኝ። ብዙ ተመላልሼ መታወቂያውን አገኘሁ፤ አሁን በሕግ የፒያሳ ሰው ነኝ። ሥራም ይዣለሁ፤ ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የዐረብኛ ወረቀት እተረጉማለሁ።

ፉል እዚህም አለ፤ ቅቤና ቃሪያ ያደርጉበታል። መጀመሪያ አኮረፍኩ፤ አሁን እበላለሁ፤ የሰሊጥ ዘይቱ ግን አሁንም ይናፍቀኛል። ብርዱን አታንሱብኝ። እኛ ቤት ቧንቧ ሲከፈት ፍል ውሃ ይወርድ አልነበር? እዚህ ክረምት ላይ ፊቴን ስታጠብ ጥርሴ ያመኛል።

ችግሩ አባቴ ነበር። በደረስን በማግስቱ "ነይ የተወለድኩበትን ላሳይሽ" ብሎ እጄን ይዞ ወጣ። ወጣት ይመስል ነበር። ሄድን፣ ዞርን፣ ተመለስን። ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ዳር ዳሩን አበባ ተተክሎበታል፤ ያምራል። አባቴ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ "እዚህ ጋ ነበር" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ወይም እዚያ ጋ" አለ። ከዚያ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሲነሣ ሊበላ ብቻ ነው፤ እሱም ሲለመን። ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። እናቴ ካርቱም ስትሞት እንኳ እንዲህ አልሆነም ነበር።

ከሥራ ስመለስ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የዓሣ ሱቅ አየሁ። ባለቤቱ ሸምሱ ይባላል፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። የክንድ ርዝመት ያላት አኳሪየም መረጥኩና "ቆንጆ ቆንጆውን ስጠኝ" አልኩት። ሁለት ወርቃማ፣ ክንፉ እንደ ነጠላ የተንዘረፈፈ ኤንጅል፣ ባለ ጥቁር መስመር ታይገር ባርብም ጨመርኩ።

"ባርቡ ከኤንጅሉ ጋር አይሆንም፣ እህቴ" አለኝ።

"ይለማመዳሉ" አልኩት።

እትዬ አስካለ በር ላይ ያዙኝ። "በጾም ግቢዬ ውስጥ ዓሣ ታስገቢያለሽ?"

"አይበላም፣ እትዬ። ለማየት ነው።"

"ማየቱም ያስጎመጃል" አሉ፤ ግን ከኋላዬ ተከትለው ገቡ።

አባቴ ዘወር ብሎ አላየም። ማሽኑን ሰካሁት፤ ከካርቱም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። እሱ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳበ። ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ አልጋው ላይ ተቀምጦ አኳሪየሙን አፍጦ ያያል። የኤንጅሉ ክንፍ ተበጫጭቋል።

"እነዚህን አንድ ላይ የከተታቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

"ለምን?"

"ያምራሉ ብዬ።"

"ማማር ምን ያደርግላቸዋል? ይሄ ባለ መስመሩ ረጅም ክንፍ ካየ መንከስ ልማዱ ነው። ወርቃማው ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ኤንጅሉ ካልሞቀው አይበላም። ለአንዱ ብታሞቂ አንዱ ይታመማል። ደግሞ ውሃውን ትናንት ሞልተሽ ትናንት ዓሣ ትጨምሪያለሽ?" ዙሪያውን አየ። "ጫማዬን የት አደረግሽው?"

ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣሁለት። ዓሦቹን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገን ከወጣን ወዲያ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን።

ሸምሱ ከረጢቱን ሲያይ ሳቀ። "ፋዘር፣ እኔ ነግሬያታለሁ።"

"አውቃለሁ። እሷ ለዓይን ነው የምትገዛው። አሁን እንደ ሰው እንምረጥ" አለ አባቴ፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

ሸምሱ መስታወት የሚልስ ዓሣ አሳየው። "ይሄ ያጸዳልዎታል።"

"ሲያድግ ክንዴን ያክላል። የእኛ ገንዳ ትንሽ ናት።"

"እሺ፣ ኒዮን? ያበራል።"

"ኒዮን ለስላሳ ውሃ ነው የሚወደው። የፒያሳ ውሃ እንዴት ነው?"

"ሲመጣ ጥሩ ነው" አለ ሸምሱ።

አባቴ ሳቀ። ልብ በሉ፣ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ "ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ይይዛል?" ብሎ ጠየቀኝ። ይይዛል አልኩት። "እንግዲያው ኖራ የበዛበት ጠንካራ ውሃ ነው። ሞሊና ፕላቲ ይስማማቸዋል፤ በጠባያቸውም ሰላማዊ ናቸው። አንድ ወንድ ሞሊ፣ ሴቶቹ በዛ ይበሉ፤ አለዚያ አንዷን ሲያሳድድ እረፍት ይነሳታል። ከታች አሸዋ የሚፈትሹ ኮሪዎች፤ እነሱም ብቻቸውን ይፈራሉ፣ በቡድን ስጠን። ዛሬ ግን አንወስድም። ውሃው ይብሰል።"

"ውሃ ይበስላል እንዴ?" አልኩ።

"ቆሻሻቸውን የሚበሉ ደቂቅ ነገሮች እስኪያፈራ ነው። አለዚያ በራሳቸው ቆሻሻ ይመረዛሉ።"

ስለዚህ ለሳምንታት ባዶ ውሃ፣ ማሞቂያና አረንጓዴ ተክል ብቻ ቤታችን ተቀመጡ። እትዬ አስካለ በየማለዳው ብቅ ይላሉ። "ዛሬም ባዶ ውሃ ነው የምታዩት?" ማሞቂያውን ሲያዩ ደግሞ "ለእኔ ጉልበት እንኳ ማሞቂያ የለም፣ ለዓሣ?" ይላሉ። አባቴ ግን በየቀኑ ሸምሱ ጋ መሄድ ጀመረ። ውሃውን በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ሸምሱ በመመርመሪያ ያይለታል፣ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ይከራከራሉ። መተላለፊያው ውስጥ ያሉት "ጋሽ ዓሣ" ብለው ስም አወጡለት። ወርቅ ቤት ያላት ሴትዮ አኳሪየም ልግዛ ብላ ልታማክረው ስትመጣ "ስፋቱን ንገሪኝ መጀመሪያ" ሲላት ሰማሁት። ዓሦቹ በመጨረሻ ሲመጡ ማንም ማንንም አልነከሰም።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እያወረደው ሳለ መብራት ጠፋ። አባቴ ሸምሱ ጋ ነበር፤ እኔ ሥራ ላይ። ማሞቂያውና ማሽኑ ትዝ ሲሉኝ ፈቃድ ጠይቄ ሮጥኩ። መንገድ ላይ አባቴን አገኘሁት፤ እሱም ይሮጣል፤ መሮጥ ከተባለ። ሁለታችንም የምናስበው ያንኑ ነው፤ የኒም ዛፉን ሥር።

በሩ ክፍት ነው። አኳሪየሙ በእትዬ አስካለ ጋቢ ተጠቅልሏል። ሴትዮዋ ከላይ በጭልፋ ውሃ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል።

"የት ጠፍታችሁ ነው?" አሉ ሳይዞሩ። "አየር ሲያጡ እንደሚያልቁ አቶ ኃይሉ ራሳቸው ነግረውኛል። ያቺ ቀይዋ አፏን ወደ ላይ ስታደርግ አየሁና ምን ላድርግ?"

አባቴ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። "ወይዘሮ አስካለ፣ ጋቢዎ ይርሳል" አለ።

"ይርሳ።"

ጭልፋውን ተቀብሏቸው እሱ ቀጠለ፤ ሲደክመው እኔ። መብራት እስኪመጣ ሦስታችንም ተፈራረቅን። አንድም አልሞተም። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ ስለ ማሞቂያው አያነሡም፤ ቀይዋን ፕላቲ ግን "የእኔዋ" ይሏታል። ልብስ ስናጥብ ግን አሁንም ይቆጥራሉ።

አሁን አባቴ ደህና ነው። ይበላል፣ ይወጣል፣ ይቀልዳል። አንዳንዴ ግን በመስኮት እያየ "ሙስጠፋ ይሄኔ ሱቁን ይዘጋል" ይላል። ሙስጠፋ ካርቱም በር ለበር ጎረቤታችን የነበረ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ነው፤ እናቴን አብረው ነው የቀበሯት። ባለፈው አርብ እሱ ደወለ። ወደ ካርቱም፣ ወደ ሰፈራችን ተመልሷል። ድምፁ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ሲያደርገው ስለማይሰማው ድምፁን ከፍቶ አኳሪየሙ አጠገብ አስቀመጠው።

"ቤታችሁ ግድግዳው ቆሟል" አለ ሙስጠፋ በዐረብኛ። "በር የለውም፤ በር እናስገባለታለን። የባለቤትህን መቃብር አየሁት፣ ደህና ነው። ሰው እየተመለሰ ነው፣ ኃይሉ። መቼ ትመጣለህ?"

እኔ ሽንኩርት መክተፌን አቆምኩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ የአኳሪየሙን መስታወት አየ። በዚያ ሳምንት ጥቁሯ ሞሊ ወልዳ ነበር፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጫጩቶች ተክሉ ውስጥ ተደብቀዋል።

"ዓሣዬ ወልዳለች" አለው። "ጫጩቶቹ ጠንከር ይበሉልኝና።"

"ኢንሻአላህ። ብዙ ይቆያሉ?"

"ብዙም አይቆዩም" አለ አባቴ።

ሙስጠፋ ዓሣ አርብቶ አያውቅም። ሞሊ በየወሩ ነው የምትወልደው።