የሰው ስም የተለጠፈበት መኪና

ልጄ ሂክማ ባለፈው ወር መኪና ገዛች። ሥራዋ ጉብሬ ስለሆነ ከወልቂጤ በሚኒባስና በባጃጅ እየተጋፋች ስትመላለስ ኖራ፣ በመጨረሻ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አንዲት ነጭ መኪና አገኘች። ለርክክቡ እኔን ይዛኝ ሄደች። የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ስለሆንኩ እንከን ካለባት ያገኝባታል ብላ ነው። ኮፈኗ ሲከፈት ግን ከማውቀው ነገር አንድም አላገኘሁም። ዘይት አትጠጣ፣ ካንዴላ የላት። ሙያዬን እዚያው ቆሜ ተሰናበትኩት።

ሻጮቹ ሁሉን አሰናድተው ጠብቀውናል። ኮፈኗ ላይ ቀይ ሪባን አስረዋል፣ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ቆሟል። ሌላው ወጣት የድርጅቱን ስምና ስልክ የያዘ ሰፊ ስቲከር ጀርባውን ልጦ፣ የኋላ መስተዋቷ ላይ ሊለጥፈው በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞታል።

«ወንድሜ፣ እሱ ይቅርብኝ» አለችው ሂክማ።

«የቤቱ አሠራር ነው እኮ እህት። ሁሉም ላይ እንለጥፋለን። በነፃ ነው።»

«በነፃ የማስተዋውቅልህማ እኔ ነኝ። የሰው ስም ተሸክሜ አልዞርም።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ፋዘር፣ እስቲ አንድ ነገር በሏት። ያምርባታል!»

ልጁን ትቼው ድንገት ደንበኛ የሚጠብቅበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስኳሬ የወረደ መስሏቸው ለስላሳ አመጡልኝ። ስኳሬስ ደህና ነበር። ልጄ የተናገረችውን ቃል፣ ከሞላ ጎደል ያንኑ ቃል፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት አባቴ ሲናገረው አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሂክማ ይህን አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም።

አባቴን ቡታጅራ ውስጥ «ሾፌር ሸረፋ» ካልተባለ ማንም አያውቀውም ነበር። ከመኪና ጋር የተገናኘው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አያቴ ሲሞቱ ታላቅ ወንድሙ አባ ሙዘይን፣ የቀረችው መሬት ለሁለት እንደማትበቃ አይተው፣ እጁን ይዘው ከመንደር ቡታጅራ አመጡትና ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ረዳት አድርገው ሰጡት። ከረዳትነት ሾፌርነት ደረሰ። ከዚያ በኋላ መሪ ከእጁ አልወጣም። የእህል ነጋዴ መኪና ነዳ፣ የመንገድ ሥራ መኪና ነዳ፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና ነዳ። ሁሉም በራቸው ላይ ጽሑፍ ነበረባቸው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ጽሑፍ ያለበት መኪና የመሥሪያ ቤት ወይም የድርጅት ነው። የግል መኪና ምንም አይጻፍበትም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ይህን ያውቃል።

በየዓመቱ ለአረፋ ወደ አባ ሙዘይን ዘንድ እንሄዳለን። መንደሩ ከእንሴኖ አልፎ ነው። አሠሪው ከፈቀደለት አባቴ በዚያ ዓመት የያዘውን መኪና ይዞ ይመጣል፣ ካልፈቀደለት በአውቶቡስ ነን። መኪና ይዞ የመጣ ጊዜ አባ ሙዘይን ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተቀመጡበት ሆነው የበሩን ጽሑፍ አየት ያደርጉና እጃቸውን ይዘረጋሉ። ዱዓቸው ዓመት ከዓመት አይለወጥም። «ያ አላህ፣ ወንድሜን በልጅነቱ ለሰው መኪና አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። የራሱን ሳታሳየኝ አትውሰደኝ።» ሁላችንም አሚን እንላለን። እያለቀሱ ያሉበት ዓመትም ነበር። እኔ በልጅነት አእምሮዬ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ መኪና ነው እንዴ እል ነበር። ለመኪና አለመሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ዓመት ነው፣ አባቴ ከእናቴ የሱቅ ገቢ ጋር ያጠራቀመውን ይዞ አዲስ አበባ ወጣ። እኔንም ወሰደኝ። አንዲት ሰማያዊ ፒክአፕ ገዛ። ባለ ሁለት ሰው ጋቢና ናት፣ ወንበሯ ከነላስቲኩ ነው። ሻጩ ቁልፉን፣ አንድ ቆብና አንድ የግድግዳ ካላንደር ከሰጠው በኋላ፣ የድርጅቱን ስም በቀይ የያዘ ረጅም ስቲከር ይዞ ወደ ኋላዋ ሲሄድ አባቴ ክንዱን ያዘው።

«ተወው ወንድም። ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ይቺ እንኳ ባዶዋን ትሂድልኝ።»

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀና ስቲከሩን ጠቅልሎ ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ለማስታወሻ ያዘው» አለኝ።

እኔ ግን ውስጤ በግኗል። ቡታጅራ ውስጥ ያን ጊዜ የሚገዛው መኪና አብዛኛው ሌላ ሰው የነዳው፣ ቀለም ተቀብቶ አዲስ የመሰለ ነበር። ለእኔና ለእኩዮቼ የሻጩ ስቲከር ዜሮ ዜሮ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ነው። አባቴ ያንን ማስረጃ በገዛ እጁ ጣለው። ኋላቀር ነው አልኩ በሆዴ። በዚያ ዕድሜ ይህን ቃል ብዙ ሰው ላይ እጠቀምበት ነበር።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ነው የነዳው። ጋቢናው የአዲስ ላስቲክ ሽታ ይሸታል፣ ራስ ያዞራል፣ ሆኖም መስኮት ለመክፈት ሁለታችንም ሳሳን። ቡኢ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞሮ ሲቀመጥ አባቴ ወንበሩን ወደ መኪናዋ አዞረ። ሻዩ ቀዝቅዞበት ሌላ አዘዘ፣ እሱም ቀዘቀዘበት።

ቤት ስንደርስ እናቴን አስጠነቀቃት። ለመንደር ወሬው እንዳይደርስ አለ። አረፋ ሳምንት ነው የቀረው። «አባ ሙዘይን በጆሮው አይስማ፣ በዓይኑ ይያት» አላት። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም፣ ሌሊት ተነስቶ ጎማዋን ይዳብስ እንደነበር እናቴ ኋላ ነገረችኝ።

አረፋው የዋለው በሰኔ መግቢያ ነው። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፣ ደመና ወደ ተራራው በኩል ይጠራቀማል እንጂ ዝናቡ ገና አልጣለም። ቡታጅራ ሰግደን ተነሳን። አባቴና እናቴ ጋቢና፣ እኔ ከኋላ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር። ስቲከሩን ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እንሴኖ ስንደርስ ለአባ ሙዘይን ጃንጥላ ሊመርጡ ሁለቱም ወረዱ። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩና የኋላ መዝጊያዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለጠፍኩት። የአጎቴ ልጆች እንዲያዩት ነው፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ማታ ከመግባታችን በፊት እልጠዋለሁ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የሚላጥ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በሰው መኪና ሲመጣ ሁልጊዜ በፊት ለፊት ነበር የሚገባው። ያን ቀን ግን ጭነቱን ከደጃፉ ሊያወርድ፣ ትንሽም ጉራ ሊነዛ መሰለኝ፣ ዞሮ በኋላ ማርሽ ገባ። ቀዩ ጽሑፍ ምንጣፍ ላይ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ደርሶ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም! ዒድ ሙባረክ!» እያለ አባቴ ሳቁ ሳይቆም ወረደ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ሰጡህ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አባ ሙዘይን ጽሑፉን እያዩ። «ጥሩ አሠሪ አግኝተሃል።»

«አባ፣ ይቺ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

እጃቸው ግን ተዘርግቷል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ዱዓ ከጀመረ አይቋረጥም፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ አሚን ይባልና ነው የሚሮጠው። ያንኑ ዱዓ አደረጉ። መጨረሻ ላይ «ዕድሜዬ እያለቀ ነውና ፍጠንልኝ» የሚል ጨመሩበት። ግቢው በሙሉ አሚን አለ። አባቴም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ሲያበቁ ሊነግራቸው ስለሆነ ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ አልጠፋም ነበር።

ከዚያ ባለቤታቸው እማ ዘይቱና በእንሰት ቅጠል ለጋ ቅቤ ይዘው ከጓዳ ወጡ። አዲስ የመጣ ነገር፣ ጥጃም ይሁን ሙሽራ፣ ግንባሩ ቅቤ ይነካል። ወደ መኪናዋ ሲራመዱ አባ ሙዘይን ከለከሏቸው።

«ተዪው፣ የሰው ነው። ጽሑፉን አታይም? ባለቤቱ ይቆጣል። እሱን ቀቢው።»

እማ ዘይቱና የአባቴን አናት ቀቡት። አባቴ የአባ ሙዘይን ጣት ወደ ጠቆመበት ዞረና የለጠፍኩትን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

ምነው በጮኸብኝ! ምነው በጥፊ በመታኝ! ሁሉም ሰው ዕቃው እስኪወርድ ቆሞ ይጠብቃል። «መኪናዋ የኛ ናት፣ ጽሑፉን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የአጎቴ ልጆች እያዩኝ ነው፣ አፈርኩ፣ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ የኋላ መዝጊያውን ፈትቶ አወረደው። ጽሑፉ ወደ መሬት ተደፋ። ስኳሩን ተሸክሞ ገባ።

ክትፎውን በቆጮ በላን። ቅቤው በሙቀቱ እየቀለጠ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ እሱ የሰውን ጨዋታ ያዳምጣል፣ በሚሳቅበት ቦታ ይስቃል።

ስንመለስ እንሴኖን እንዳለፍን ዳር ይዞ ቆመና በጥፍሩ ላጠው። ሙጫውን በቤንዚን ጨርቅ አሸው። ላግዝህ ብዬ ስወርድ «ተቀመጥ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እናቴ ናት የጠየቀችው።

«ምነው ሳትነግራቸው?»

«ምን ብዬ? የሰው ስም ተለጥፎባት የኔ ናት ልበል? ሸረፋ ሲያረጅ መዋሸት ጀመረ ይሉኛል። ወይስ በዒድ ቀን ልጄን ሰው መሐል ላቁመው?» ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «በሚመጣው ጁምዓ ባዶዋን ይዣት እሄዳለሁ። ያያታል።»

በሚመጣው ጁምዓ የተቀበለው ጭነት ነበር። በቀጣዩ ዝናብ ጣለ፣ ከዚያ ወዲያ አላቆመም። ከእንሴኖ ወዲያ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ከገባ እስከ መስከረም መኪና አያስረግጥም። እናቴ በእግርህ ሄደህ ንገረው ብትለው «በአፍማ ማንም ገዛሁ ይላል። በዓይኑ ነው» እያለ እንቢ አለ። በዚህ ነገር አባቴም ግትር ነበር። እኔስ? ሁለት እግር ነበረኝ። አንድ ቀን ጭቃውን ረግጬ ሄጄ እውነቱን ብናገር ማን ይከለክለኝ ነበር? ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አባ ሙዘይን በነሐሴ ሞቱ። መኪናዋን እንሴኖ አንድ ዘመድ ደጅ አቁመን በዝናብ በእግራችን ደረስን። ከቀብር በኋላ ለቅሶ ቤት ውስጥ አባቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑት ጠጋ አሉ።

«እስከ መጨረሻው ያንተ ነገር ነበር ጭንቁ፣ ሸረፋ። ‹የራሱን ሳላይለት፣ ለሰው እንዳገለገለ ትቼው ሄድኩ› እያለ ነው ያለፈው። አላህ ይስጥህ።»

«አሚን» አለ አባቴ።

ጭቃ የለበሰ እግሬ የሱን እግር ነክቶታል፣ ያን ያህል ቅርብ ነበርኩ። አሁንም ዝም አልኩ። ስቲከሩን የልጅነት ነገር ብዬ ልተወው እችላለሁ። ይህንን ሁለተኛውን ዝምታ ግን የምጠራበት ስም አጥቼለታለሁ።

አባቴ ያቺን መኪና ወደዚያ መንደር ይዟት ሄዶ አያውቅም። በሚቀጥለው አረፋ በአውቶቡስ ሄድን።

ያለፈው ወር ዕለት፣ ከርክክቡ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ለሂክማ ነገርኳት። እሷ እየነዳች እኔ ጎኗ ተቀምጬ። አዲሷ መኪና ድምፅ የላትም፣ የገዛ ድምፄ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ስጨርስ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ይቅር ብሎህ ነበር፣ አባ?»

አባቴ ያን ነገር አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ሱቁን ያስከፈተኝ እሱ ነው፣ ሚስት የጠየቀልኝ እሱ ነው። ዝምታውን ለብዙ ዘመን እንደ ይቅርታ ስቆጥረው ኖሬያለሁ፣ ይመቸኝም ነበር። ግን ይቅር የሚባል ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል። እኔ ጠይቄው አላውቅም። ከዚያች አረፋ በኋላ ሃያ ዓመት አብረን ኖርን። ታሞ ሲተኛ ሦስት ሳምንት አልጋው አጠገብ ነበርኩ፣ እግሩን አጥቤዋለሁ፣ ውኃ በማንኪያ አጠጥቼዋለሁ። ስለ ጎማ ዋጋ አውርተናል፣ ስለ ቡታጅራ መንገድ አውርተናል፣ ስለ ሂክማ ትምህርት አውርተናል። «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ሳልለው ቀበርኩት።