ከመዝሙሩ ጋር የሄደው ዝርዝር

ዜናው የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ፣ ጅግጅጋ፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ነው። ምክር ከምሰጣቸው ሴቶች አንዷ ሳታንኳኳ ገባች።

«ሲስተር፣ ባሌ ከአዲስ አበባ ደወለ። ቫይረሱ በደሜ እንዳለ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ መዝሙር ሊሰማ ሲከፍት አነበበው። ልጆቹን ሊወስድብኝ ነው። ላንቺ ብቻ አልነበር የነገርኩሽ?»

የጤና ጣቢያውን ኮምፒውተር ሁሉም ስለሚነካው፣ የቀጠሮ ፕሮግራሜንም ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሴቶች ስምም በፍላሽ አድርጌ፣ ፍላሹን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬ ነበር የምዞረው። የትም ሰክቼ እሠራለሁ። የሚስጥር ቁጥር አላበጀሁለትም፤ ዝርዝሩን «መዝሙር» ባልኩት ፎልደር ውስጥ ደበቅሁት። መዝሙር ማን ይሰርቃል ብዬ።

ረቡዕ

አዲስ አበባ ፍላሼን የሰካሁበትን ቤት ፍለጋ ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርኩ። የሐረርን ጠመዝማዛ ዳዊት እየደገምኩ ጨረስኩት። አዋሽ ላይ ሽሮ አዝዤ ሳልቀምሰው ተነሣሁ። ማታ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ኢምፔሪያል ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ወደ ገርጂ። በየመንገዱ አሸዋና ብረት ተቆልሏል። ከሁለት ወር በፊት ለሥልጠና ስመጣ ጉድጓድ የነበረው ፎቅ ሆኗል። ያኔ ሰርተፍኬቴን ያተመችልኝ ሒሩት፣ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት፣ የትግርኛ መዝሙሮቼን አይታ «ልገልብጠው?» ብትለኝ፣ «ለበረከት ውሰጂው» ብያት ነበር።

«ውይ ሲስተር!» አለች ሒሩት ገና ከበሩ ስታየኝ። «መዝሙርሽ እኮ ሰፈሩን አዳረሰ! ያገርሽ ልጆች ሰምተው አይጠግቡትም።»

«ፎልደሩን እንዳለ ነው የገለበጥሽው?»

«እንዳለ ነዋ! አንድ በአንድ ማን ይለቅማል? ጫኝልኝ ይላሉ፣ እጭናለሁ።»

በውስጡ የሴቶቹ ስም ዝርዝር እንዳለ ነገርኳት። ማውዙን ይዛ ፎልደሩን ከፈተች።

«ለስንት ሰው ጫንሽ?»

«በምን ልወቀው፣ እህቴ? ከሾላም ይመጣሉ፣ ከኦሎምፒያም።»

ከእሷ ማሽን አጠፋነው። ከሌላው ግን በምን እጃችን?

ቅዳሜ

ጅግጅጋ እንደደረስኩ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ባሏ መጥቶ ልጆቹን ወስዷል። በሩን ከፍታ አየችኝና መልሳ ዘጋችው።

ከአንገቴ የማይወርድ ነገር ከእጄ የማይወጣ ይመስለኝ ነበር። በገዛ አፌ «ውሰጂው» ብዬ ሰጥቼው መጣሁ።

በዚያ ሰሞን ገርጂ ከሒሩት ዘንድ መዝሙር ያስጫናችሁ፣ ስለ እመቤታችን፦ ከመዝሙሮቹ መጨረሻ ድምፅ የሌለው አንድ ፋይል አለ። ሳትከፍቱ አጥፉት። ከፍታችሁት ከሆነም፣ ያነበባችሁትን ስም ከጸሎት በቀር የትም አትጥሩት።